የ1600 ሞተርን በ1200 ወይም በ1300 ቮልስ ላይ በግቢ ውስጥ የመግጠም መመሪያ

«የአባቴ ቮልስ ሞተሩ አርጅቷል፤ የ1600 ሞተር አግኝቻለሁ፤ ይገባለታል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከተለያዩ ሰዎች በተደጋጋሚ ስለሚደርሰኝ መልሱን በዝርዝር ጽፌ ማስቀመጥ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አጭሩ መልስ «ይገባል» ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ ራዲያተርና የውኃ ቱቦ የለውም፤ ከላይ የሚያነሳ መሣሪያም ሳያስፈልግ በአንድ ጥሩ ክሪክ ወደ ታች ይወርዳል። ይሁን እንጂ ሞተሩ መግባቱና ከገባ በኋላ በጤና መሥራቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በማውረዱና በማንሳቱ ሳይሆን በሦስት ነገሮች ነው፤ እነሱም የቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ባለ ጥርስ ክብ ብረት) እና የፍሪሲዮን አለመጣጣም፣ የ6 እና የ12 ቮልት መደባለቅ፣ እንዲሁም የማቀዝቀዣ አየር መንገድ ክፍት መቅረቱ ናቸው። ስለዚህ በእነዚህ ሦስቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

መመሪያው የሚያገለግለው ለየትኞቹ መኪኖች ነው?

መመሪያው እ.ኤ.አ. ከ1961 ሞዴል ጀምሮ ለተሠሩ፣ ባለ 34 የፈረስ ጉልበት 1200 ወይም ባለ 40 የፈረስ ጉልበት 1300 ሞተር ላላቸው ቮልሶች ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ካምቢዮአቸውም ሞተራቸውም የተለየ ስለሆነ በዚህ መንገድ አይሠሩም። የሚገጠመው ደግሞ ባለ 50 የፈረስ ጉልበቱ፣ 1584 ሲሲ የሆነው፣ በእያንዳንዱ ቴስታታ (የሲሊንደሮች ራስ) ላይ ሁለት ሁለት የመሳቢያ ቀዳዳ ያለው የ1600 ሞተር ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የሞተሩን ቁጥር ያንብቡ። ቁጥሩ የዲናሞው መቀመጫ ሥር፣ በሞተሩ አካል ላይ የተመታ ሲሆን መነሻ ፊደሉ ማንነቱን ይናገራል። «ዲ» 1200፣ «ኤፍ» 1300፣ «ኤች» 1500፣ «ኤዲ» እና «ኤኤስ» ደግሞ 1600 ናቸው። ሻጩ 1600 ነው ቢልዎትም ፊደሉን በዓይንዎ ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። የሊብሬውም ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም ስለሚገኝ፣ የሞተሩን የግዢ ሰነድ ይያዙ፤ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊትም ፋይልዎ ያለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ቁጥሩን ለማስቀየር ምን ምን እንደሚጠይቅ ይጠይቁ። ይህን ችላ ያለ ሰው በዓመታዊ ምርመራ ወይም በሽያጭ ጊዜ ይቸገራል።

የሚገዛውን ሞተር መመርመር

ሁለት ምርመራዎች ከሁሉ ይቀድማሉ።

የመጀመሪያው የክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና የሚዞር ዘንግ) የፊትና ኋላ እንቅስቃሴ ነው። የታችኛውን ትልቅ ፑሌጃ (የማራገቢያው ቀበቶ የሚዞርበትን ክብ) በሁለት እጅዎ ጨብጠው ወደ ራስዎ ይሳቡት፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ይግፉት። ጤነኛ ሞተር ላይ በእጅ የሚሰማ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ትክክለኛው ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ብቻ ነው። «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከተሰማዎትና ፑሌጃው ሲሄድና ሲመለስ በዓይን ከታየዎት፣ ወይ የቮላኖው ስፔሰሮች (ክፍተት መሙያ ቀጫጭን ቀለበቶች) ተሳስተዋል፣ ወይ ደግሞ ዋናው ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት መያዣ) የተቀመጠበት የሞተሩ አካል ተበልቷል። ሁለተኛው ከሆነ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መፈታት ስለሚኖርበት ዋጋውን በዚያው ልክ ያስቡ።

ሁለተኛው የኮምፕሬሽን መጠን ነው። እዚህ ላይ ለአዲስ አበባና ለሌሎች ደጋ ከተሞች ነዋሪዎች አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በጥገና መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ጠለል የተለካ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ በመሆኑም መጽሐፉ 130 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚለው ሞተር እዚህ 100 አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። እርስዎ በዋናነት የሚያዩት የአራቱን ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው። ሦስቱ 100 ሆነው አንዱ 70 ከሆነ፣ በተለይም ያ አንዱ 3ኛው ሲሊንደር ከሆነ፣ የጭስ ማውጫው ባልቦላ (ቫልቭ) መቃጠሉን ይጠርጥሩ። በአሮጌው ዓይነት የማራገቢያ ቤት የዘይት ማቀዝቀዣው በቤቱ ውስጥ፣ ከግራው ሲሊንደሮች በላይ ስለሚቀመጥ፣ 3ኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ያነሰ አየር እያገኘ ከሁሉም በላይ ይሞቃል። እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ባሉት ላይ ማቀዝቀዣው ከማራገቢያው ቤት ውጭ የራሱ ክፍል ተሠርቶለታል። ሞተሩን ሲገዙ ይህን ኋለኛውን ዓይነት የማራገቢያ ቤት ከነሰፊው ማራገቢያው፣ ከነማቀዝቀዣው መያዣና ትኩሱን አየር ወደ ውጭ ከሚያስወጣው ላሜራ ጋር አብረው ይግዙ። በኋላ አንድ በአንድ ልሰብስበው ቢሉ ይለፋሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ቢያንስ 1.5 ቶን የሚያነሳ ባለ ጎማ ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ ካባሌቶ (የተነሳ መኪና የሚያርፍበት መደገፊያ)፣ የጎማ ማገጃ ታኮዎች
- ወፍራም ጣውላ፣ ሞተሩ በክሪኩ ላይ የሚያርፍበት
- ከ10 እስከ 19 ያሉ መፍቻዎች፤ በተለይ ሁለት የ17 መፍቻ፣ የ21 እና የ36 ሶኬት
- የኒውተን ሜትር መለኪያ ያለው መፍቻ፣ የክፍተት መለኪያ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ
- አዲስ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ተጫኝ ሳህንና የፍሪሲዮን ኩሽኔታ፣ ሦስቱም የአንድ ዘመን
- የቮላኖው የዘይት መከላከያ ጎማ፣ የቮላኖው ክብ ጎማ፣ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ የዘይት መከላከያ ጎማ
- የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊሜትር የሆነ አዲስ የቤንዚን ጎማ ከነፋሼታው (ከነማሰሪያ ቀለበቱ)፣ አዲስ የቤንዚን ፊልትሮ
- የሞተር ዙሪያ ጎማ፣ የካንዴላ ገመዶች የላሜራ መዝጊያ ጎማዎች፣ የማራገቢያ ቺንጊያ (ቀበቶ)
- 2.5 ሊትር የሞተር ዘይት፣ ጥቂት የኩሽኔታ ቅባት፣ ጨርቅ፣ ወረቀትና ፕላስተር ለምልክት
- የእሳት ማጥፊያ

ማስጠንቀቂያ

ቮልስን በብዛት የሚያቃጥለው የቤንዚን ጎማ ነው። ጎማው የሚያልፈው ብልጭታ ከሚፈጥረው ዲስትሪቢዩተር በላይ ስለሆነ አንድ ጠብታ ይበቃል። ስለዚህ አሮጌ ጎማ መልሰው አይግጠሙ፤ በሥራው ቀንም በግቢው ውስጥ ከሰል፣ ምድጃም ሆነ ሲጋራ አይኑር። ቡና የሚፈላ ከሆነ ከመኪናው ርቆ፣ ነፋስ ከማይመጣበት በኩል ይሁን።

በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ። ሞተሩ ከነላሜራው ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ለብቻዎ አይሞክሩት፤ አንድ ረዳት ግዴታ ነው፤ ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል።

ክፍል አንድ፦ አሮጌውን ሞተር ማውጣት

1. መኪናውን በደረቅና ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙ፤ የፊት ጎማዎቹን በታኮ ከፊትም ከኋላም ያግዱ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ፣ ኋላው ሲነሳ መኪናውን የሚይዘው ታኮው ብቻ ይሆናል። ከኋላ መቀመጫ ሥር ያለውን ባትሪ ይፍቱ፤ መጀመሪያ የመሬቱን ገመድ ያውልቁ። ዘይቱንም ያፍስሱ።

2. ሽቦዎቹን ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሡ፤ በእያንዳንዱ ላይም ወረቀት ለጥፈው የነበረበትን ቦታ ይጻፉ። የሚነቀሉት የዲናሞው ሽቦዎች፣ የቦቢናው (የካንዴላ እሳት ማመንጫው)፣ የካርቡራተሩ የቾክና የማጥፊያ ሽቦዎች እንዲሁም የዘይት ግፊት መብራት ሽቦ ናቸው። የዲናሞው ወፍራምና ቀጭን ሽቦ ቢለዋወጡ የቻርጅ መቆጣጠሪያውን ስለሚያቃጥሉት፣ ምልክቱ ለጥንቃቄ ያህል ብቻ የሚደረግ አይደለም።

3. የአየር ፊልትሮውን ያውርዱ። የቤንዚኑን ገመድ (ከቤንዚን ፔዳሉ የሚመጣውን) ከካርቡራተሩ ላይ በመፍታት ይልቀቁት። ከዚያም ከመኪናው ሥር፣ ከሞተሩ ፊት ለፊት በስተግራ በኩል ያለውን የቤንዚን ጎማ ይንቀሉና ወዲያውኑ በንጹሕ የ6 ሚሊሜትር ቡሎን ይድፈኑት። ታንከሩ ከሞተሩ ከፍ ብሎ ከፊት ስላለ፣ ካልተደፈነ ቤንዚኑ ራሱ እየፈሰሰ ይወርዳል።

4. የማሞቂያውን ሁለት ገመዶችና ሰፋፊ ቱቦዎች ከግራና ከቀኝ ይልቀቁ። ከፑሌጃው ጀርባ ያለውን የኋላ ላሜራ ፈትተው ያውጡ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ስለሚመጣ ይህ ላሜራ ካልወጣ መንገድ ይዘጋል።

5. የመኪናውን ኋላ አንስተው ካባሌቶዎቹን የቶርሽን ባሩ በሚያልፍበት ወፍራም ቧንቧ ሥር፣ በግራና በቀኝ ጫፍ ያስቀምጡ። ካምቢዮውን መደገፊያ አያድርጉት። ሞተሩ ከነማራገቢያው ቤት በመከላከያው ሥር እንዲያልፍ መከላከያው ከመሬት ወደ 90 ሴንቲሜትር ከፍ ማለት አለበት። ይህን ያህል ማንሳት የሚያሠጋዎ ከሆነ ካርቡራተሩን፣ ዲናሞውንና የማራገቢያውን ቤት አስቀድመው ያውርዱ፤ ቀሪው ሞተር በጣም አጭር ይሆናል። እኔ ሥራው ቢረዝምም ይህን ሁለተኛውን መንገድ እመርጣለሁ።

6. ክሪኩን ከነጣውላው ከሞተሩ መሃል ሥር አስገብተው ክብደቱን ብቻ እስኪቀበል ድረስ ያንሡት። ጣውላው ካልኖረ የክሪኩ ጫፍ የዘይት ማጣሪያውን ክዳን ይጎዳል። ከዚያ ሁለቱን የታች ዳዶዎች በ17 መፍቻ ይፍቱ፤ ቀጥሎ የላይኞቹን። በቀኝ በኩል ያለው የላይኛው ቡሎን ሞተሪኖውንም (ማስነሻ ሞተሩንም) ስለሚይዝ አንድ ሰው ከሥር ሆኖ ቡሎኑ አብሮ እንዳይዞር መቆጣጠር ያስፈልገዋል።

7. ሞተሩን ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ እያወዛወዙ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳቡት። የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ 10 ሴንቲሜትር ያህል መጓዝ አለበት። ከዚያ በፊት ክሪኩን ዝቅ ካደረጉ የሞተሩ ክብደት በሙሉ በቀጭኑ ዘንግ ላይ ይንጠለጠላል፤ ዘንጉን ሊያጣምም ወይም ዲስኩን ሊሰብር ይችላል። ከወጣ በኋላ የቤንዚን ገመዱ የትም እንዳልተያዘ አይተው በቀስታ ያውርዱት።

ክፍል ሁለት፦ ቮላኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ

8. የአሮጌውንም የአዲሱንም ቮላኖ ጥርስ ይቁጠሩ። የ6 ቮልት ዘመን ቮላኖ 109 ጥርስ አለው፤ የ12 ቮልቱ 130። መኪናዎ አስቀድሞ ባለ 130 ከሆነ በቀጥታ ይገጥማል። ባለ 109 ከሆነ ግን የአዲሱ ሞተር ቮላኖ ስለሚተልቅ የካምቢዮው ቤት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይነካል፤ ሲነሳ የሚጮኽ ወይም ጭራሽ የማይዞር ሞተርም ይሆናል። መፍትሔው የሚነካባቸውን ቦታዎች ጥቂት ሚሊሜትር በፍሌክስ መሞረድ ነው። የመግቢያ ዘንጉንና ኩሽኔታውን በጨርቅና በፕላስተር በደንብ ሸፍነው ይሞርዱ፤ የሚወጣው ብናኝ ወደ ካምቢዮው ከገባ ሌላ ወጪ ያመጣል። የብዙዎቹ መኪኖች ዕቃ በየዘመኑ ስለተቀያየረ የመኪናውን ዓመተ ምሕረት አይመኑ፤ ጥርሱን ይቁጠሩ።

9. የሞተሪኖውን ቡሽ ይለኩ። የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ በካምቢዮው ቤት ውስጥ ባለ ትንሽ የነሐስ ቡሽ ላይ ያርፋል። የ6 ቮልቱ ዘንግ 12.5 ሚሊሜትር፣ የ12 ቮልቱ 10.9 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ የ12 ቮልት ሞተሪኖ በአሮጌው ቡሽ ላይ ከገባ ይንገዳገዳል፤ ጥርሶቹም ተጣመው ይበላላሉ። የሚያጠብብ ቡሽ ተርነሪ ቤት በቀላሉ ይሠራልዎታል።

10. የአዲሱን ሞተር ቮላኖ ፈትተው የዘይት መከላከያ ጎማውንና ክቡን ጎማ ይቀይሩ። ሞተሩ ውጭ ሆኖ ይህ ሥራ ቀላል ነው፤ ከገባ በኋላ ዘይት ቢያፈስ ግን ሁሉም ነገር እንደገና ይፈታል። ቮላኖውን ሲመልሱ መሃሉ ላይ ያለው ትልቅ ዳዶ ወደ 343 ኒውተን ሜትር መጥበቅ አለበት። ያን ያህል የሚለካ መፍቻ በየቤቱ ስለማይገኝ እንዲህ ያድርጉ፦ ቮላኖው እንዳይዞር በብረት ያግዱ፤ በ36 ሶኬት ላይ ረጅም ዘንግ ያስገቡና አግድም ያድርጉት፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው መሃል ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ሙሉ ክብደቱን ሲያሳርፍበት የሚፈለገው ኃይል ይገኛል። ሰውየው ቀለል ያለ ከሆነ 35ን ለኪሎው ያካፍሉ፤ የሚመጣው ቁጥር ርቀቱ በሜትር ነው። በደንብ ያልጠበቀ ቮላኖ ሞተሩ እየሠራ ይላላል፤ የክራንክ ሻፍቱንም ጫፍ ያበላሻል። ካጠበቁ በኋላ የፊትና ኋላ እንቅስቃሴውን እንደገና ይለኩ።

11. በዳዶው መሃል ያሉትን ትናንሽ የመርፌ ኩሽኔታዎች በጥቂቱ ቅባት ይቀቡ። ብዙ ከሆነ ሲሞቅ ቀልጦ ወደ ዲስኩ ይረጫል፤ ፍሪሲዮኑም ይንሸራተታል።

12. ፍሪሲዮኑን ያጣጥሙ። እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት የነበረው የፍሪሲዮን ኩሽኔታ በሹካው ላይ ብቻ ተይዞ የሚወዛወዝ ሲሆን፣ ተጫኝ ሳህኑ መሃሉ ላይ የሚያርፍበት ቀለበት አለው። ከዚያ ወዲህ ያለው ኩሽኔታ በመግቢያ ዘንጉ ዙሪያ ባለ ቱቦ ላይ የሚንሸራተት ሲሆን ሳህኑ ቀለበት የለውም። አሮጌ ካምቢዮ ያለው ሰው ቀለበት ያለውን ሳህን ይግጠም። ቱቦ ያለው ካምቢዮ ላይ ግን ቀለበቱ ይነሣ። የዲስኩ ስፋት በ1600 ላይ 200 ሚሊሜትር ነው፤ የአሮጌው 180 ነበር። ዲስኩን በአሮጌ የመግቢያ ዘንግ ወይም በልኩ በተቀረጸ እንጨት መሃል ለመሃል አድርገው የሳህኑን ቡሎኖች በመስቀል አቅጣጫ እያፈራረቁ እስከ 25 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ዲስኩ 2 ሚሊሜትር እንኳ ከመሃል ቢያፈነግጥ ሞተሩ አይገባም፤ ብዙ ሰው ግማሽ ቀን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ክፍል ሦስት፦ የአየሩ መንገድ

ቮልስን ሕያው የሚያደርገው አየር ስለሆነ ይህን ክፍል ከሌላው ሁሉ አብልጠው እንዲያነብቡት እለምናለሁ። ማራገቢያው ቀዝቃዛውን አየር ከላይ፣ ከሞተር ክፍሉ ይስባል፤ በሲሊንደሮቹ መካከል አሳልፎም ወደ ታች ያስወጣዋል። ላሜራዎቹና የዙሪያው ጎማ ሥራቸው የላይኛውን ቀዝቃዛ አየር ከታችኛው ትኩስ አየር መለየት ነው። አንድ ላሜራ ሲጎድል ወይም ጎማው ሲቀደድ፣ ማራገቢያው ከጭስ ማውጫው ላይ የተነሣውን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ ሞተሩን በራሱ ሙቀት ያበስለዋል። በደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ያለ ክፍተት በቆላ ካለው የበለጠ ይጎዳል።

13. ሞተሩ ገና መሬት ላይ እያለ ሁሉንም ላሜራዎች ይግጠሙ፤ ከሲሊንደሮቹ ሥር የሚገቡትን ትናንሾቹን ጭምር። እነዚህ ከሲሊንደሮቹ በታች ተደብቀው ስለሚቀመጡ በብዙ ሞተሮች ላይ ጠፍተዋል፤ ጥቅማቸው አየሩ ሳይነካ እንዳያልፍ በክንፎቹ መካከል እንዲዞር ማስገደድ ነው። የጎደለውን ከ1 ሚሊሜትር ላሜራ አስቆርጠው ያሠሩ። የማሞቂያ ሳጥኖቹን ካነሡ ደግሞ ወደ እነሱ ይሄድ የነበረውን የማራገቢያ ቤቱን ሁለት ቀዳዳ ይድፈኑ፤ አለበለዚያ ለሲሊንደሮቹ የተሳበው አየር በዚያ ያመልጣል።

14. በማራገቢያው ቤት ውስጥ ያሉትን የአየር መቆጣጠሪያ ክዳኖችና እነሱን የሚያንቀሳቅሰውን ቴርሞስታት ይፈትሹ። ቴርሞስታቱ ከሌለ ክዳኖቹ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆነው መቅረታቸውን ያረጋግጡ። ዝገት ይዟቸው ተዘግተው የቀሩ ክዳኖች አዲስ የተሠራን ሞተር በአንድ ዳገት ላይ ሊያቃጥሉት ይችላሉ።

ክፍል አራት፦ አዲሱን ሞተር ማስገባት

15. መኪናውን 4ኛ ማርሽ ላይ ያድርጉ፤ ይህ የመግቢያ ዘንጉ እንዳይዞር ይይዘዋል። ሞተሩን በክሪኩ ያንሡና የሞተሩና የካምቢዮው ፊቶች በትክክል ትይዩ እስኪሆኑ ያስተካክሉ። ቀጥ አድርገው ወደ ፊት ይግፉት፤ ረዳትዎ ፑሌጃውን ጥቂት ጥቂት ሲያዞረው የዘንጉ ጥርሶች ከዲስኩ ጋር ይገናኛሉ። የመጨረሻዎቹ ሴንቲሜትሮች በእጅ ግፊት መዘጋት አለባቸው። ክፍተት ቀርቶ ሳለ በዳዶ ስቦ መዝጋት በፍጹም የተከለከለ ነው፤ የሞተሩ ጆሮ ይሰበራል፤ እሱ ደግሞ ማግኒዚየም ስለሆነ ብየዳው ቀላል አይደለም። አራቱንም በእጅ ካስያዙ በኋላ ወደ 30 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ።

16. ገመዶቹን፣ ቱቦዎቹን፣ ሽቦዎቹንና የኋላውን ላሜራ እንደ ምልክታቸው ይመልሱ። አዲሱን የቤንዚን ጎማ በፋሼታ ይሰሩ፤ ፊልትሮውን ከሞተሩ በላይ ሳይሆን ከመኪናው ሥር፣ ጎማው ከመስመሩ በሚነሣበት ቦታ ያድርጉት። በካርቡራተሩና በቤንዚን ፓምፑ ላይ ያሉትን የነሐስ መግቢያዎች በእጅ ነካ ነካ ያድርጓቸው፤ ከተነቃነቁ ሳያጠብቋቸው አይነዱ። የዙሪያውን ጎማ በካቻቢቴ እየገፉ በሁለቱም ወገን በላሜራው ላይ ያስቀምጡት።

17. መኪናው 6 ቮልት ከነበረ ባትሪውን፣ ዲናሞውንና የቻርጅ መቆጣጠሪያውን፣ ቦቢናውን፣ አምፖሎቹን በሙሉ፣ የፍሬቻ ሪሌዩን፣ ጥሩንባውንና የመጥረጊያውን ሞተር ወደ 12 ቮልት ይቀይሩ። የአዲሱ ካርቡራተር ቾክና ማጥፊያ በ12 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ በ6 ቮልት ከተዋቸው ቾኩ በጊዜ አይከፈትም፤ ሞተሩም ቤንዚን ይበዛበታል።

18. የፍሪሲዮኑን ፔዳል ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ባዶ እንቅስቃሴ እንዲኖረው በካምቢዮው በኩል ባለው ማስተካከያ ያስተካክሉ። ባዶ እንቅስቃሴ ከሌለ ኩሽኔታው ሁልጊዜ እየተጫነ ያልቃል።

ክፍል አምስት፦ መጀመሪያ ማስነሣት

19. 2.5 ሊትር ዘይት ይሙሉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የባልቦላዎቹን ክፍተት በ0.15 ሚሊሜትር ያስተካክሉ፤ ክፍተት የሌለው ባልቦላ ስለማይዘጋ ይቃጠላል። ቺንጊያውን በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊሜትር ያህል እንዲገባ ያድርጉ። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ከሾፌሩ አቅጣጫ ሲታይ 1ኛው ቀኝ ፊት፣ 2ኛው ቀኝ ኋላ፣ 3ኛው ግራ ፊት፣ 4ኛው ግራ ኋላ ነው።

20. የቦቢናውን ሽቦ ነቅለው የዘይት ግፊት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ በአጭር በአጭሩ ያዙሩ። ይህ ኩሽኔታዎቹ በደረቁ እንዳይነሡ ያደርጋል። ከዚያ ሽቦውን መልሰው ያስነሡ። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ቤንዚንና ዘይት መፍሰሱን ይመልከት፤ የእሳት ማጥፊያው በእጁ ይሁን። የእሳቱን ጊዜ እንደተገጠመው ዲስትሪቢዩተር ያስተካክሉ፤ የቫኩም ቱቦ ያለውና የሌለው የሚፈልጉት ዲግሪ የተለያየ ስለሆነ የአሮጌውን ሞተር ምልክት ለአዲሱ አይጠቀሙ።

21. ከጥቂት ቀናት መንዳት በኋላ ካንዴላዎቹን አውጥተው ቀለማቸውን ይዩ። የፋብሪካው ጂግለር (በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነው ቀዳዳ) ለባሕር ጠለል የተመረጠ ስለሆነ በደጋ ቤንዚን ይበዛል፤ ካንዴላውም እንደ ጥላሸት ይጠቁራል። ከአንድ እስከ ሁለት ደረጃ ያነሰ ዋና ጂግለር ይሞክሩ፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሲመጣ ያቁሙ። ከዚህ መኪና ጋር ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሊወርዱ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ጂግለር ይመልሱ፤ በቆላ አየሩ ስለሚወፍር በትንሹ ጂግለር ቤንዚኑ ያንሳል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ከመጠን በላይ ይሞቃል።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስህተቶች

ሞተሩ ገብቶ ማርሽ እየጮኸ ካልገባ አብዛኛውን ጊዜ የፍሪሲዮኑ ሳህንና ኩሽኔታ የተለያየ ዘመን ናቸው፤ ገመዱን እየሳቡ ለማስተካከል መሞከር ገመዱን ከመበጠስ አያልፍም።

ዘይት ከሞተሩና ከካምቢዮው መገጣጠሚያ የሚንጠባጠብ ከሆነ በጣት ነክተው ያሽትቱት። የካምቢዮ ዘይት ወፈር ያለና የሚከረፋ ሽታ አለው፤ የሞተሩ ግን የለውም። የትኛው ጎማ እንዳፈሰሰ ሳይለዩ መፍታት ድካም ነው።

ለ«ውበት» ሲባል ላሜራዎቹን ማስቀረት ወይም የሞተር ክፍሉን ክዳን በብረት ደግፎ ክፍት አድርጎ መንዳት ሞተሩን አያቀዘቅዘውም። መፍትሔው የዙሪያውን ጎማ ማስተካከል ነው።

የአሮጌው 1200 እና 1300 ካምቢዮ የመጨረሻ ጥምርታ 4.375 ነው፤ የኋለኞቹ 1600ዎች ግን 3.875 ነበራቸው። ስለዚህ መኪናው እንጦጦን በደስታ ቢወጣም በረጅም ሜዳ ላይ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ይሠራል። ካምቢዮው እስኪቀየር ድረስ በአገር አቋራጭ መንገድ ላይ እግርዎን ይቆጥቡ፤ የፍሬን ሸራዎቹንና የፍሬን ዘይቱንም በዚሁ አጋጣሚ ያስፈትሹ፤ የጉልበቱ መጨመር በፍሬኑ ላይ ይታያልና።

እየነዱ ሳለ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ወዲያውኑ ዳር ይያዙና ሞተሩን ያጥፉ። በቮልስ ላይ ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ስለሆነ፣ ቺንጊያው ከተበጠሰ ሞተሩ ምንም ማቀዝቀዣ የለውም። መለዋወጫ ቺንጊያና የ21 መፍቻ ከመኪናው አይለዩ።

አዲስ በተሠራ ሞተር ላይ የመጀመሪያውን ዘይት በ500 ኪሎ ሜትር ይቀይሩ፤ በዚያው ጊዜ የባልቦላዎቹን ክፍተትና የአራቱን ዋና ዳዶዎች ጥብቀት እንደገና ይለኩ። ሞተሩ የተለየ የዘይት ፊልትሮ ስለሌለውና ያለው የሽቦ ወንፊት ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከመቀየር አይዘግዩ።